የእርቅ ችኮላ

ጋሽ ጀምበሩ የማሽላ ነጋዴ ናቸው፤ በጭሮ ከተማ ግን ስማቸው የሚነሣው በማሽላ አይደለም፤ ባልና ሚስት በማስታረቅ ነው። የሰፈሩ እድር ዳኛ ሆነው ከተመረጡ ወዲህ ተኳርፈው እፊታቸው የቀረቡ ባለትዳሮች ሁሉ ተቃቅፈው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። እሳቸውም መጋዘናቸው በር ላይ ወንበር ዘርግተው ሲጨዋወቱ፣ "በእኔ እጅ የፈረሰ ትዳር ካለ ይምጣና ይመስክርብኝ" ማለት ይወዳሉ።

የእርቁ ሥርዓት የታወቀ ነው። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባልየው ቤት ይሰበሰባሉ። የሚቅመው ጫቱን፣ የማይቅመው ለስላሳውን ይዞ ይቀመጣል። ሚስት ትጠራለች። "ምን አጠፋሽ? እሱስ ምን አጠፋ?" እየተባሉ ሁለቱም እኩል ይጠየቃሉ። ባል የሽማግሌዎቹን ጉልበት ይስማል፤ ሚስት "ይቅር ብያለሁ" ትላለች። ከአንድ ትሪ ይጎራረሳሉ፤ እልልታው ይቀልጣል። "እርቅ ደም ያደርቃል" ተብሎ ተመርቆ ይወጣል። ሽማግሌዎቹ ከወጡና በሩ ከተዘጋ በኋላ በዚያ ቤት ምን እንደሚሆን ግን ተመልሶ የሚጠይቅ የለም።

ወገኖቼ፣ እርቅ ታላቅ ነገር መሆኑን እኔም አምናለሁ። መሬት ያዋሰናቸውን፣ ውርስ ያጣላቸውን ሰዎች ያስማማ ሽማግሌ እግሩ ቢሳም አይበዛበትም። ይሁን እንጂ መድኃኒት ለማይገባው በሽታ ሲሰጥ መርዝ እንደሚሆን ሁሉ፣ እርቅም ያለ ቦታው ሲገባ ሰው ይጎዳል። ይህን የተማርነው ከሳህሊቱ ነው፤ የትምህርቱን ዋጋ የከፈለችው ግን እሷ ብቻ ናት።

ሳህሊቱ በበደሳ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ጭሮ የምታስተምር የሒሳብ መምህርት ናት። ባለቤቷ ደረጀ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለ ደረጀ ክፉ የሚናገር ሰው በሰፈሩ ማግኘት ከባድ ነበር። ለቅሶ ሲደርስ የእድሩን ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። አስከሬን የሚሸከመው፣ አሮጊቶችን መንገድ የሚያሻግረው፣ ቆቡን አውልቆ ሰላም የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ ሳህሊቱ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ "የቁም ሣጥን በር ነው" ስትል የሚያምናት አታጣም ነበር። አንዳንድ ጊዜ ግን ጩኸቷ ከግድግዳው አልፎ ለጎረቤት ይሰማል። ያን ጊዜ ጋሽ ጀምበሩ ይጠራሉ፤ ቅዳሜ ይሆናል፤ ይጎራረሳሉ።

አንድ ማለዳ ሳህሊቱ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ማንሣት አቃታት። አንጓዋ አብጦ ነበር። ወደ ሆስፒታል ሄደች። የተቀበለቻት ነርስ ካርዷን አገላብጣ ካየች በኋላ ምንም ሳትጠይቅ፣ "እጅሽን ካሰርንልሽ በኋላ፣ ፈቃድሽ ከሆነ፣ አንዲት ሴት ላስተዋውቅሽ" አለቻት። በመተላለፊያው ጫፍ ወዳለች ጠባብ ክፍል ወሰደቻት። በጾታዊ ጥቃትና በቤት ውስጥ ድብደባ ለተጎዱ ሰዎች ድጋፍ የሚሰጥበት ክፍል ነበር። የክፍሉ ባለሙያ ሰርክአዲስ ትባላለች።

ሳህሊቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም።

"ልትከሱት ነው?" አለች ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

"እኔ አልከስም" አለቻት ሰርክአዲስ። "አንቺ ብትከሺ አብሬሽ እሄዳለሁ። ባትከሺም አብሬሽ ነኝ። የምትነግሪኝም ያለ ፈቃድሽ ከዚህ በር አይወጣም። አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ዛሬ ወደ ቤት ብትመለሺ ምን ይደርስብኛል ብለሽ ትፈሪያለሽ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በፋሻ የታሰረውን እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

"ትናንት ማታ ቢላዋውን ከመሳቢያ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው" አለች በመጨረሻ። "ምንም አልተናገረኝም። ራቱን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ተኛ። ቢላዋው ግን እዚያው አደረ።"

"ጉሮሮሽን ይዞሽ ያውቃል?"

ሳህሊቱ እጇን ሳታስበው ወደ አንገቷ ሰደደች። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ለሁሉም የምናቀርበው ጥያቄ ነው። ሚስቱን ያነቀ ሰው ከዚያ የባሰውንም ያደርጋል ብለን እንሰጋለን።"

ያን ጊዜ ሳህሊቱ ለእናቷም ለንስሐ አባቷም ያልተናገረችውን ተናገረች፤ የጡጫውን ብቻ ሳይሆን፣ በትዳር ስም ያለ ፈቃዷ የሚሆንባትን ጭምር። ሰርክአዲስ "ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ?" አላለቻትም። "አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" አለቻት እንጂ።

ተመካክረው የወሰኑት እንዲህ ነበር። ራቅ ባለ ከተማ ለተጎጂዎች የተዘጋጀ ማረፊያ ቤት አለ፤ ቦታው ግን ሞልቷል። አንድ አልጋ እስኪለቀቅ ድረስ ሳህሊቱ ወደ ቆላዋ ከተማ ሚኤሶ ወርዳ መይሙና ዘንድ ትቆያለች። መይሙና የእህል ሱቅ ያላት፣ ከሱቁ ጀርባ ጓሮና ክፍል ያላት፣ ከዚህ በፊትም ከድጋፍ ክፍሉ ጋር ተስማምታ ሰው ያስጠጋች ሴት ናት። ሳህሊቱ ስልኳን ዘጋች፤ ሌላ ቁጥር ተሰጣት። መክሰስ አለመክሰሷን ካረፈች በኋላ ራሷ ትወስናለች። ለጊዜው የፈለገችው እንቅልፍ ብቻ ነበር።

ደረጀ ግን ከተማውን በእንባ አጥለቀለቀው። "ሚስቴ ጠፋችብኝ! አእምሮዋ ታውኳል መሰለኝ!" እያለ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ዞረ። የሚያሳዝን መልክ ነበረው። የባጃጅ ሾፌሮች ዓይናቸውን ከፈቱ፤ ጫት ሻጮቹ "አቦ፣ አይዞህ፣ ካየናት እንደውልልሃለን" አሉት። ለመልካም ነው ብለው ነው። ጋሽ ጀምበሩም ደረታቸው ላይ ሲያለቅስባቸው ጀርባውን እየመቱ፣ "እኔ እያለሁ ትዳርህ አይፈርስም" ብለው ቃል ገቡለት።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ጋሽ ጀምበሩ ማሽላ ሊጭኑ ሚኤሶ ወረዱ። መይሙና ሱቅ በር ላይ ዋጋ ሲከራከሩ፣ ከውስጥ ጆንያ ይዛ ብቅ ያለችው ሳህሊቱ ነበረች። ሁለቱም ደነገጡ። የሳህሊቱ ጆንያ ከእጇ ወደቀ።

"ጋሽ ጀምበሩ፣ በማርያም! አላዩኝም፤ እሺ?"

"ልጄ፣ ምን ነው እንዲህ መክሳትሽ! ደረጀ እንኳ እህል ከቀመሰ ሰንብቷል።"

"ለሱ እንዳይነግሩት። የሆስፒታሏን ሰርክአዲስን ይጠይቋት፤ እሷ ታስረዳዎታለች።"

መይሙና ከሚዛኑ ጀርባ ተነሣች። "ጋሼ፣ እኛ ቤት ያለ እንግዳ ወሬው አይወጣም። ማሽላዎን ይጫኑና በሰላም ይሂዱ፤ ይህን ግን እዚሁ ይተውት።"

"እኔ ወሬኛ ነኝ እንዴ?" አሉ ጋሽ ጀምበሩ ቅር ብሏቸው። "እኔ ለማስታረቅ እንጂ ለማጣላት አልተፈጠርኩም።"

ይህ እውነት ነው። መከራውን ያመጣውም ይኸው እውነት ነው። ጋሽ ጀምበሩ ገና መኪናቸው ሚኤሶን ሳይለቅ ስልካቸውን አወጡ።

"ደረጀ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ተገኝታለች! ሚኤሶ ናት፤ መይሙና የምትባል እህል ነጋዴ ዘንድ። ቅዳሜ ሽማግሌ ይዤ እወርዳለሁ። እስከዚያ ግን ንቅንቅ እንዳትል፤ ሰማህ?"

"እሺ ጋሼ። እግርዎን ልሳም። ምን ውለታ እከፍልዎታለሁ?" አለ ደረጀ በለሰለሰ ድምፅ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ጀምበሩ የክብር ካፖርታቸውን ደርበው ሆስፒታሉ መተላለፊያ ጫፍ ያለችውን ክፍል አንኳኩ።

"አንቺ ነሽ ሰርክአዲስ? ጎበዝ። የደበቃችኋትን ልጅ አገኘኋት" አሉ ሳይቀመጡ። በድምፃቸው ውስጥ ተግሣጽም ድልም ነበረበት። "ትምህርት ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን የሰው ትዳር በቢሮ አይዳኝም። ቅዳሜ እናስታርቃቸዋለን። እናንተም እፎይ ትላላችሁ።"

ሰርክአዲስ ብዕሯን አስቀመጠች። "ያለችበትን ለማን ነገሩ?"

"ለማን እነግራለሁ? ለባለቤትዋ ነዋ!"

"መቼ?"

"ትናንት። ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ? እስከ ቅዳሜ እንዳይንቀሳቀስ ነግሬዋለሁ። ደረጀ ቃሉን የሚበላ ልጅ አይደለም።"

"ጋሽ ጀምበሩ፣ እባክዎን፣ አሁኑኑ ይደውሉለት።"

ደወሉ። የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ እንደማይቀበሉ የሚገልጸው የሴት ድምፅ መለሰላቸው። መሥሪያ ቤቱ ደወሉ። አብሮት የሚሠራው ሰው፣ "ደረጀ ፈቃድ ወስዷል፤ ማለዳ የሚኤሶ ሚኒባስ ሲሳፈር አይቼዋለሁ" አላቸው። ጋሽ ጀምበሩ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ቆሙ።

"ምናልባት... ናፍቆት ይሆናል" አሉ። ድምፃቸው ግን ራሳቸውን አላሳመነም።

ሰርክአዲስ መይሙና ጋ እየደወለች ነበር፤ አይነሣም። ሳህሊቱ ጋ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ሚኤሶ ፖሊስ ጋ ደውላ፣ የሱቁን ቦታ አስረዳችና ሰው እንዲልኩ ለመነች፤ እንልካለን አሏት። ከዚያ እንደገና መይሙና ጋ፤ እንደገና ሳህሊቱ ጋ። ጣቶቿ እየተሳሳቱ ደጋግመው የሚጫኑትን ቁጥር ጋሽ ጀምበሩ ቆመው ያያሉ። በሕይወታቸው ብዙ ጠብ አይተዋል፤ እርቅ ሊያወርዱ የፈለጉለት ነገር ሌላውን ሰው እንዲህ ሲያስፈራው ግን አይተው አያውቁም።

"መኪናዬ ውጭ ናት" አሉ። "እንውረድ።"

አይሱዙው ከጭሮ ወደ ሚኤሶ የሚወስደውን ቁልቁለት ተያያዘው። ፊት ለፊት የሚመጡ ከባድ መኪኖች መንገዱን ያጠቡታል፤ አንዱን ቀድመው ሳይጨርሱ ሌላው ይደቀናል። ደጋው ወደ ኋላ እየቀረ ቆላው ሙቀቱን በመስኮት መላክ ጀመረ። ሰርክአዲስ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ በየኩርባው ኔትወርክ ታያለች።

"ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ?" አሉ ጋሽ ጀምበሩ መሪውን ጨብጠው።

"አይደሉም።"

"ታዲያ ምን አጠፋሁ? ትዳር እንዳይበተን ነው የደከምኩት። ገመናቸው በየቢሮው ከሚዞር በሽማግሌ ጉያ ቢቀር አይሻልም?"

"ሲያስታርቋቸው እሷን ለብቻዋ አነጋግረዋት ያውቃሉ?"

"ለብቻዋ? ባሏ ሳይሰማ? ሽምግልና እኮ ፊት ለፊት ነው።"

"እሱ አጠገቧ ተቀምጦ 'ሊገድለኝ ነው' ብትልዎት፣ እናንተ ስትወጡ እሷ ከማን ጋር ነው የምትቀረው?"

ጋሽ ጀምበሩ ማርሽ ቀይረው ኩርባውን ዞሩ።

"ምን አድርጓት ነው እንዲህ የፈራሽላት?" አሉ ቆይተው።

"እሱን የምትናገረው እሷ ናት፤ ከፈለገች። እኔ አልናገርም።"

"ለእኔም? የእድሯ ዳኛ ሆኜ?"

"ለእናቷም አልናገርም፣ ጋሽ ጀምበሩ። ወደ እኛ የምትመጣ ሴት ብዙ ነገሯን ተቀምታ ነው የምትመጣው። ወሬዋን እኛ ደግሞ ብንቀማት ምን ይቀራታል?"

ስልኩ ጮኸ። መይሙና ነበረች። ሰርክአዲስ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ የተሰማው ግን ጫጫታና የብዙ ሰው ሁካታ ነበር። በመሐሉ መይሙና፣ "ቶሎ! ጤና ጣቢያው ጋ ነን! ቶሎ ኑ!" ብላ ጮኸች። መሥመሩ ተቋረጠ። ጋሽ ጀምበሩ ከዚያ እስከ ሚኤሶ ድረስ ፍጥነት ሳይቀንሱ ነዱ።

መይሙናን ያገኟት የጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነው። ክንዷ በሻሿ ታስሮ፣ ቀሚሷ አቧራ ለብሷል።

"በሕይወት አለች" አለቻቸው ገና ሲያዩዋት። "ትተነፍሳለች። አልሐምዱሊላህ።"

የሆነውን በአጭሩ ነገረቻቸው። ደረጀ ከሚኒባስ ወርዶ በጨዋ ደንብ ሱቆቹን እየዞረ፣ "ሚስቴ ታማ መይሙና የምትባል ሴት ዘንድ አርፋለች፤ ልወስዳት ነው" ሲል፣ አዛኙ ሰው ሁሉ እጁን ይዞ በሩ ድረስ አደረሰው። እሷ በሩን በሰውነቷ ዘጋች። "'ድሬዳዋ ሄዳለች' ብዬ ዋሸሁት። እንዲህ ላለው ውሸት አላህ አይጠይቀኝም፤ ወላሂ አይጠይቀኝም። ገፈተረኝ፤ ወደቅሁ። ከሚዛኑ ላይ የብረቱን መመዘኛ አነሣ..." ዓይኗን ጨፈነች። "ሰው ጮኾ ሲገባ፣ ፖሊሱም ሲደርስ፣ ሳህሊቱን መትቷት ነበር። ጆሮዋ ላይ። እና ፖሊሱ ይዞት ሲሄድ ታውቃላችሁ ምን ይላል? 'ሽማግሌ ልኬያለሁ፤ ጉዳዩ የእርቅ ነው' ይላል!"

ጋሽ ጀምበሩ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ።

ሰርክአዲስ ገባች። የሚሆነውን ጋሽ ጀምበሩ ከመጋረጃው ውጭ ሆነው ይሰሙ ነበር። ሰርክአዲስ አንዳች ነገር ሳትጠይቅ አላደረገችም። "ሐኪሟ ልታይሽ ትችላለች? ልብስሽን ለማስረጃ እንድናስቀምጠው ትፈቅጃለሽ? ፖሊሱ ቃልሽን ዛሬ እንዲቀበል ትፈልጊያለሽ ወይስ ሲሻልሽ? እጅሽን ልያዝ?" ሳህሊቱ አንዳንዱን እሺ፣ አንዳንዱን "ቆይ" ትላለች። "ቆይ" ስትል ሁሉም ይቆያል። እሳቸው ባስታረቁት ቅዳሜ ሁሉ ሳህሊቱ "ቆይ" ብላ የቆመላት ነገር ነበረ? ሊያስታውሱ ሞከሩ። አልነበረም።

ሰርክአዲስ ስትወጣ ተነሡ። "አስገቢኝ። እግሯ ላይ ልውደቅ። ይቅርታ ልበላት።"

"አይሆንም፣ ጋሽ ጀምበሩ።"

"እንዴት አይሆንም? በድያታለሁ እኮ!"

"ይቅርታ ሲጠይቋት ይቅር ማለት አለባት። አሁን አቅም የላትም። የእርስዎን ሸክም እሷ ላይ አያውርዱ። የምታነጋግርዎት ቀን ራሷ ትጠራዎታለች፤ ላትጠራዎትም ትችላለች።"

በሰፈሩ ሁሉ የሚከበሩት ሽማግሌ በአንዲት ወጣት ሴት እንዲህ ሲባሉ የመጀመሪያቸው ነበር። አልተቆጡም። ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ተቀመጡና መሪው ላይ ተደፉ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ቆም ብለን እናስብ። ሳህሊቱን የመታት ደረጀ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ነው። በሩን ያሳየው ግን የእኛ ደግነት ነው። የባጃጁ ልጅ ክፉ አልነበረም፤ የሚኤሶ ባለሱቆች ክፉዎች አልነበሩም፤ ጋሽ ጀምበሩ ክፉ አልነበሩም። እኛ አገር የጠፋ ሰው መፈለግ በጎነት ነው። የሸሸን ሰው ግን ከመጠቆማችን በፊት ከምን እንደሸሸ መጠየቅ ግዴታችን ነው። በአንድ ወቅት አንዲት ወጣት ከቦኬ ገበያ ስትመለስ ተደፍራ፣ ልብሷ በእናቷ እንባ ታጥቦ ማስረጃዋ ሲጠፋ፣ ደፋሪዋም በሽማግሌ ቃል ሲለቀቅ፣ ሁላችንም "ለስሟ ብለን ነው" አልን። ስሟን ለማዳን እሷን አጠፋናት። ጥቃት የደረሰባት ሰው ከእኛ የምትሻው ጥቂት ነገር ነው፦ እንድናምናት፣ ሳትታጠብና ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ሐኪም እንድናደርሳት፣ ያለችበትን እንዳንናገር፣ የሚቀጥለውንም ራሷ እንድትወስን እንድንተውላት። ሰርክአዲስን የመሰሉ ባለሙያዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ሥራቸው ትዳር ማፍረስ አይደለም። ሰው በሕይወት እንዲኖር ነው፤ ትዳሩ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ሳህሊቱ ዳነች፤ የግራ ጆሮዋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም። ከማረፊያ ቤቱ ሆና ክስ ለመመሥረት ወሰነች። የምስክርነቷ ቀን ሲደርስ ሰርክአዲስ ከማረፊያ ቤቱ ወደ ፍርድ ቤት አመጣቻት። ቀድማም ባዶውን ችሎት አሳይታት ነበር፤ የት እንደምትቆም፣ ዳኛዋ የት እንደሚቀመጡ፣ ሲደክማት "ዕረፍት ይሰጠኝ" ማለት እንደምትችል።

ከችሎቱ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ግን ሽማግሌዎች ተደርድረው ጠበቋት። የደረጀ ታላቅ ወንድም ተስፋዓለም ከሩቅ አገር መጥቶ የሰበሰባቸው ናቸው።

"ነይ እስቲ ልጄ፣ ቁጭ በይ" አላት ተስፋዓለም እንደ አባት በሚያባብል ድምፅ። "ያደረገው ልክ ነው አንልም። እብደት ነው። ግን ወንድሜ ሥራውን አጣ፣ ክብሩን አጣ። ምስክርነትሽን ተይው፤ ጉልበትሽን ስሞ ከአገር ይወጣል። ምን ትጠቀሚያለሽ እስር ቤት ቢበሰብስ? ሰው ምን ይልሻል?"

"ለነፍስሽም ይሻልሻል" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"ባልሽ ነው እኮ" አለ ሌላው።

ሳህሊቱ በማይሰማው ጆሮዋ በኩል የሚናገሩትን ለመለየት ፊቷን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዞረች ቆመች። ወደ ሰርክአዲስ ዞረች።

"ብተወው ትቀየሚኛለሽ?" አለች በሹክሹክታ።

ሰርክአዲስ የክሱ ወራት ድካም ሁሉ በዚህች ቅጽበት ሊጠፋ እንደሚችል ታውቃለች። ድምፅዋን ግን አልለወጠችም።

"አልቀየምሽም። ብትገቢም ብትመለሺም ዛሬ የምታድሪበት ቦታ አለሽ፤ እኔም አብሬሽ ነኝ። የምትወስኚው አንቺ ነሽ።"

ለምስክርነት የተጠሩት ጋሽ ጀምበሩ ከመተላለፊያው ማዶ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። ሳህሊቱን ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገሯትም፤ አልጠራቻቸውምና። ተስፋዓለም አያቸው።

"ጋሽ ጀምበሩ! እግዜር ነው ያመጣዎት። ይቺን ነገር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ይምጡና በመሐል ይቀመጡ።"

ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው በመሐል ቦታ ለቀቁላቸው። ያ ቦታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተቀመጡበት ነው። ጋሽ ጀምበሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ፤ አግዳሚው ዘንድ ሲደርሱ ግን አልተቀመጡም።

"ተስፋዓለም፣ ሽምግልና የሚቀመጠው ለተጣሉ ሰዎች ነው" አሉ። "እኔ እነዚህን ልጆች እየደጋገምኩ አስታረቅሁ ስል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተጣልተው አያውቁም። እሱ ይመታል፣ እሷ ትደበደባለች፤ ይኸው ነው። እኔ በመሐል ገብቼ መቺውን አሳርፌ እንደገና እሰድደው ነበር።"

"ጋሽ ጀምበሩ፣ ምነው በዚህ ዕድሜዎ ከሳሽ ሆኑ?" አለ አንዱ ሽማግሌ ተቆጥቶ። "እድሩ ይህን ቢሰማ ምን ይላል?"

"ይስማ። ከዚህ ስወጣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ ዳኝነቱንም ለሚሻል ሰው ይስጡት።" ወደ ሳህሊቱ አላዩም፤ ምንም እንድትላቸውም አልጠበቁም። "አሁን ከልጅቷ መንገድ ላይ ተነሡ። ልትገባም ልትመለስም ነጻ ትሁን።"

አንድ በአንድ ተነሡ። መንገዱ ተከፈተ፤ በአንድ በኩል ወደ ችሎቱ በር፣ በሌላው በኩል ወደ ውጭ። ሳህሊቱ መሐል ላይ ቆማ ሁለቱንም አየች። ማንም አልጎተታትም፤ ማንም አልገፋትም። ከዚያ ወደ ችሎቱ በር አቀናች፤ ሰርክአዲስ አንድ እርምጃ ከኋላዋ ተከተለቻት።

ደረጀ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሳህሊቱ አላየችውም። ቃለ መሐላዋን ፈጸመች። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ወይዘሮ ሳህሊቱ፣ የደረሰብሽን ለችሎቱ ለመናገር ፈቃደኛ ነሽ?" ብለው ጠየቁ።

ሳህሊቱ የሚሰማውን ጆሮዋን ወደ ዳኛዋ አዞረች።

"አዎ፣ ክብርት ዳኛ" አለች። "የምናገረው አለኝ።"